ለፍሎሪዳው የጠላቂዎች ሱቅ የጅማው ቤት ይሸጥ?

ጥያቄ፦ "ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ ነው። ፈረንጅ አራዳ ከወላጆቻችን የወረስነው ቤት አለን፤ ከፊት ለፊቱ ሦስት ሱቆች ተከራይተውታል። ታናሽ ወንድሜ ፍሎሪዳ ውስጥ የባሕር ጠላቂዎችን ዕቃ የሚሸጥና የሚያከራይ ትንሽ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራል። መጥለቅም ያስተምራል። ባለቤቱ አርጅተዋል፤ ሱቁን ከነዕቃው በ180 ሺህ ዶላር ሊሸጡለት ይፈልጋሉ። ወንድሜ ቤቱን ሸጠን ድርሻውን እንድልክለት፣ እኔም በድርሻዬ ሸሪክ እንድሆን ይወተውተኛል። ችግሩ ከሱቁ በመኪና አሥር ደቂቃ በማይሞላ ርቀት የጀልባ ዕቃ የሚሸጥ ግዙፍ መደብር አለ። ዘንድሮ የስኩባ፣ ማለትም አየር በሲሊንደር ይዞ የመጥለቂያ ዕቃ፣ ክፍል ከፍቷል። ወንድሜ 'እነሱ ሻጮች ናቸው፣ እኛ ባለሙያዎች ነን፣ አያሰጉንም' ይላል። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። እውነት አያሰጉም? ቤቱንስ እንሽጠው?"

መልስ፦ እህቴ፣ የሁለተኛው ጥያቄዎ መልስ አጭር ስለሆነ በእሱ ልጀምር። ቤቱን አይሽጡ። ሱቁ አይረባም ማለቴ አይደለም። ወንድምዎ በተገቢው ዋጋና በተገቢው መንገድ ከገዛው ጥሩ እንጀራ ሊወጣው ይችላል። መንገዱ ግን በፈረንጅ አራዳ በኩል አያልፍም። ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ሰፋ ያለ ነው። "አያሰጉንም" የሚለው ግማሹ እውነት ነው። ሱቅ የሚያዘጋው የቀረው ግማሽ ነው።

ይህን የምለው ማን ሆኜ ነው? ወጣት ሳለሁ ምፅዋ ላይ በባሕር ኃይል ጠላቂነት ሠልጥኛለሁ። በኋላም ውጭ አገር፣ የጠላቂዎች ሱቅ ጓዳ ውስጥ፣ የጥገና ጠረጴዛ ላይ ብዙ ጊዜ አሳልፌያለሁ። አሁን ጅማ ውስጥ የማኪያቶ ማሽን እጠግናለሁ። ሰው ይገርመዋል እንጂ ሥራው ያን ያህል አልተቀየረም። ያው ኦሪንግ የሚባለው የላስቲክ ቀለበት፣ ያው ጌጅ የሚባለው የግፊት መለኪያ ነው። ማሽኑ ቡናውን የሚጨምቀው በ9 ባር ገደማ ግፊት ነው፤ ጠላቂው ከሲሊንደሩ አየር የሚተነፍስበት መሣሪያ፣ ሬጉሌተር የሚባለው፣ ውስጥ ያለው የመሐል ግፊትም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

እስቲ መጀመሪያ መደብሩን እንየው። አሜሪካ ውስጥ የጀልባ ዕቃ ንግድ ቀላል ነገር አይደለም። ስሙ ከሚታወቀው አንዱ ዌስት ማሪን እ.ኤ.አ. በ1968 ካሊፎርኒያ ውስጥ የናይሎን ገመድ በመሸጥ ነው የጀመረው። እንዲህ ያሉ መደብሮች በገመድና በቀለም ብቻ አይቆሙም። ጫማና ጃኬት ይጨምራሉ፣ ቀጥሎ የዓሣ ማጥመጃ፣ ቀጥሎ ካያክ የሚባለውን ትንሽ የመቅዘፊያ ጀልባ። አንድ ቀን ደግሞ አንዱ ግድግዳ በማስክና በሬጉሌተር ተሞልቶ ያገኙታል። አውሮፓም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ፈረንሳይ፣ ሊል ከተማ አጠገብ የተጀመረው ዴካትሎን ዛሬ ሱቢያ በሚል የራሱ ምልክት የጠላቂ ዕቃ ያሠራል። ሙሉ ፊት የሚሸፍነውን የስኖርክል (በቱቦ እየተነፈሱ የመዋኛ) ማስኩን በኮሮና ጊዜ ጣሊያኖች ለሆስፒታል መተንፈሻ ሲያስተካክሉት በዜና አይተው ይሆናል። ስለዚህ የወንድምዎ ሰፈር ላይ የመጣው ነገር አዲስ አይደለም፤ ተራው ደርሶ ነው።

የመደብሩ ሒሳብ ደግሞ ሞኝ ሒሳብ አይደለም። ባለጀልባው ገመድ ሊገዛ ገብቷል። ገንዘብ ይዟል፣ ባሕር ይወዳል፣ ልጆቹም አብረውት አሉ። ማስኩን ካየ ያነሣዋል። መኪና ማቆሚያው ሰፊ ነው፣ እሑድም ክፍት ነው፣ ዕቃውን ካልወደደው ይመልሰዋል። ወንድምዎ "ሻጮች ናቸው" ያለው ለማናናቅ ነው። መሸጥ መቻል ግን የሚናቅ ነገር አይደለም። ብዙ የጠላቂዎች ሱቅ የጎደለው እሱ ነው።

በሌላ በኩል፣ ትልቅ መደብር እያንዳንዱን ክፍል የሚለካው በያዘው ቦታ ላይ ስንት እንደሸጠ እያየ ነው። ሬጉሌተር ደግሞ ቶሎ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም። ሁለት ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ሰው መጥቶ ያንን ግድግዳ በፀሐይ መነጽርና በሰንደል ጫማ ሊቀይረው ይችላል። የስኩባ ሰዎች "ይሰለቻቸዋል፣ ይተዉታል" እያሉ የሚጽናኑት ለዚህ ነው። እኔ ግን በዚህ አልጽናናም። መደብሩ እስኪሰለቸው ድረስ ትንሹ ሱቅ በየወሩ ኪራይ መክፈል አለበት።

ዋጋውስ? ሰው ሁሉ ትልቁ መደብር አርክሶ ይሸጣል ብሎ ያስባል። በታወቁት ምልክቶች ላይ ብዙ ጊዜ እንደዚያ አይደለም። ስመ ጥር የስኩባ አምራቾች ለማንም አይሸጡም፤ ውክልና ለሰጡት ሱቅ ብቻ ነው የሚያቀርቡት። ከዚህ ዋጋ በታች እንዳታስተዋውቅ የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሊጂን በሚባል የቆዳ ዕቃ አምራች ጉዳይ ላይ አንድ ውሳኔ ሰጥቷል። አምራች የችርቻሮ ዝቅተኛ ዋጋ መወሰኑ ብቻውን ሕገወጥ አያሰኘውም፣ እንደ ሁኔታው ይታይ የሚል ነው። ስለዚህ ያው ሬጉሌተር ሁለቱም ጋ በአንድ ዋጋ ተሰቅሎ ቢያገኙት አይገረሙ። መደብሩ የሚበልጠው በትንንሹ ዕቃ ነው። ቦርሳው፣ ቢላዋው፣ የውሃ ጫማው፣ የእጅ ባትሪው፣ የፀሐይ ቅባቱ። ትርፉ ወፈር የሚለው ደግሞ እዚህ ላይ ነው።

ትልቁ ጉዳት ግን ከዚህም አይመጣም። የሚመጣው በትምህርቱ በኩል ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ይታገሡኝ።

መጥለቅ የሚማር ሰው የመጀመሪያውን ወረቀት ሲያገኝ እስከ 18 ሜትር እንዲወርድ ይፈቀድለታል። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው ፓዲ የሚባለው የጠላቂዎች ማሠልጠኛ ድርጅት የሚሰጠው በጣም የታወቀው ኮርስ ይህ ነው። ከባዱን ዕቃ፣ ማለትም ሲሊንደሩን፣ ሬጉሌተሩን፣ በአየር የሚነፋውን ጃኬት፣ ሱቁ ያበድረዋል። ማስኩን፣ የእግር መቅዘፊያውን፣ መተንፈሻ ቱቦውንና ጫማውን ግን አብዛኛውን ጊዜ ተማሪው ራሱ ይዞ ይመጣል። አሁን ዘዴውን ይመልከቱ። ብዙ ሱቆች ትምህርቱን በኪሳራ አፋፍ ላይ ይሸጡታል፤ ተማሪ ለመሳብ ነው። የጎደለውን በዚያች ከረጢት ዕቃ ይሞላሉ። ጥቂት ቆይቶ ልጁ ፍቅር ይይዘውና ሬጉሌተርና በእጅ የሚታሰረውን የጠላቂ ኮምፒውተር ይገዛል ብለው ተስፋ ያደርጋሉ። የሱቁ ትርፍ ያለው እዚያ ነው።

መደብሩ ሲመጣ የሚቆርጠው ይህንን ክር ነው። ተማሪው ክላሱን ወንድምዎ ጋ ይመዘገባል፣ ረከስ ስላለ። የዕቃውን ዝርዝር ይቀበላል። ከዚያ ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር መደብሩ ገብቶ ሁሉንም በአንዴ ይገዛል። ወንድምዎ ገንዳ ውስጥ ቆሞ በኪሳራ ያስተምራል፣ ትርፉን ሌላው ይወስዳል። ኢንተርኔቱም ያንኑ ሥራ ከመደብሩ ቀድሞ ጀምሯል። ሰውየው ሱቁ ውስጥ ልብሱን ይለካል፣ ቁጥሩን ያያል፣ መኪናው ውስጥ ገብቶ በስልኩ ያዝዛል።

ስለዚህ ወንድምዎን "ትሰጋለህ ወይ?" ብለው አይጠይቁት። "ክላሱ ስንት ነው? ገንዳው፣ ጀልባው፣ የአስተማሪው ቀን፣ መድኑ ተደምሮስ ስንት ይፈጃል?" ብለው ይጠይቁት። አንድ ማስክ እንኳ ሳይሸጥ ክላሱ ብቻውን የሚያተርፍ ከሆነ መደብሩ አያስደነግጥም። ካልሆነ የወንድምዎ ባለሙያነት ሱቁን አያድነውም። እንዲያውም ጎበዝ አስተማሪ በሆነ ቁጥር ለመደብሩ የሚያሰለጥነው ደንበኛ ይበዛል።

አሁን ደግሞ መደብሩ በቀላሉ ሊያደርገው የማይችለውን ልንገርዎት። ወንድምዎ እውነት ያለው እዚህ ነው።

አንደኛው አየር ነው። አየር በፖስታ አይላክም። የተለመደው የአሉሚኒየም ሲሊንደር 11 ሊትር ገደማ ነው፣ እስከ 207 ባር ይሞላል። አንዱን መሙላት አሥር ዶላር ገደማ ያስገባል። መብራቱ፣ ማጣሪያውና የሰው ጉልበቱ ሲቀነስ እዚህ ግባ የሚባል ትርፍ የለውም። ግን ደንበኛው ባዶውን ሊያስቀምጥ ይመጣል፣ ሙሉውን ሊወስድ ደግሞ ይመለሳል። አንድ ጊዜ ለመጥለቅ ሁለት ጊዜ ደጅዎን ረገጠ ማለት ነው። የተቀደደ ማሰሪያ ያስቀይራል፣ የነገውን ማዕበል ይጠይቃል፣ ለቅዳሜው ጉዞ ስሙን ያስመዘግባል።

መደብሩ አየር ጨምቆ ሲሊንደር የሚሞላውን ማሽን፣ ኮምፕሬሰሩን፣ ለምን አያስገባም? የሚያስገባም ሊኖር ይችላል፣ ሕግ አይከለክለውም። ግን ዕቃ መደርደርና ሰው የሚተነፍሰውን አየር ማምረት የተለያዩ ኃላፊነቶች ናቸው። ኮምፕሬሰሩ አየር የሚስብበት ቱቦ መኪና ማቆሚያ አጠገብ ከተተከለ ጭስ ይስባል። በጭሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፤ ሽታም ቀለምም የለውም። 30 ሜትር ላይ ያለው ግፊት ከውሃው ወለል 4 እጥፍ ነው። ከላይ ብዙም የማያሳስብ መጠን እታች አራት እጥፍ ሆኖ ይሠራል ማለት ነው። ሰውየው መጀመሪያ ራሱን ያመዋል፣ ከዚያ ይደናገራል፣ ከዚያ ይደክመዋል። ውሃ ውስጥ ነው ያለው። ለዚህ ነው ጥሩ ሱቅ አየሩን በየጊዜው ላቦራቶሪ ልኮ የሚያስመረምረው፣ ውጤቱንም ግድግዳ ላይ የሚለጥፈው። የመደብሩ የሕግ ክፍል ይህን ሁሉ አንብቦ የፀሐይ መነጽር ቢመርጥ አልፈርድበትም።

ሁለተኛው ጥገና ነው። ሬጉሌተር እንደ ሥሪቱ በየዓመቱ፣ አንዳንዱም በየሁለት ዓመቱ ወይም 100 ጊዜ ከተጠለቀበት በኋላ መፈታት አለበት። ሥራው እንዲህ ነው። ፈትተህ በንዝረት በሚያጥብ መታጠቢያ ውስጥ ትከተዋለህ፣ ጨውና ዝገቱ ይለቃል። አሮጌዎቹን ኦሪንጎች በነሐስ መርፌ ታወጣለህ፤ ብረት ከሆነ መቀመጫውን ይጭረዋል፣ ያቺ ጭረት ደግሞ ታፈሳለች። አዲሱን ኪት፣ ማለትም የመለዋወጫ ስብስቡን፣ ትገጥማለህ፣ ትዘጋለህ፣ ሲሊንደር ላይ ሰክተህ ጌጁን ትመለከታለህ። መርፌው 9 ወይም 10 ባር አካባቢ ሄዶ ቀጥ ማለት አለበት። ቀስ እያለ ሽቅብ መውጣት ከጀመረ ውስጥ ያለው መዝጊያ አልገጠመም። እንደገና ትፈታለህ። ይህን ሥራ ማንም ተነሥቶ አይሠራውም። አምራቹ ያሠለጠነው ሰው ይፈልጋል፣ ኪቱም ለተወከለ ሱቅ ነው የሚሸጠው። መደብሩ ጥገና ከተቀበለም ብዙ ጊዜ ወደ ሌላ ቦታ ይልከዋል፤ ሳምንታት ይወስዳል። ለአራት ቀን ዕረፍት የመጣ ሰው ሳምንታት የሉትም።

ሦስተኛው ጉዞው ነው፤ ሰው ሰብስቦ ጀልባ ላይ ማውጣት። ይህን ወንድምዎ ከእኔ በላይ ያውቀዋል፣ አልፈዋለሁ።

አንድ መጥፎ ጠባይ ግን ሳላነሣ ባልፍ ይቆጨኛል። የጠላቂዎች ሱቅ ያሉ አንዳንድ ሰዎች፣ በተለይ ጥንታዊዎቹ፣ ደንበኛ ከሌላ ቦታ የገዛውን ዕቃ ይዞ ሲመጣ ፊታቸው ይጠቁራል። "ከገዛህበት አስሞላው" ይላሉ። ወይም ይጠግኑለትና ምርቃት አድርገው ይሰድቡታል። ከዚህ የበለጠ ገንዘብ የሚያባርር ነገር አላየሁም። ሰውየው ማስኩን መደብሩ ጋ ገዝቷል፣ እሺ፣ አልፏል። የሚቀጥሉትን ዓመታት አየሩን፣ ጥገናውን፣ ሁለተኛውን ኮርስ፣ ጉዞውን የሚገዛው ግን ከማን ነው? ፈገግ ብሎ የተቀበለው ሰው ጋ ይመለሳል። ወንድምዎ የባለቤቱን ቁልፍ ሲረከብ ጠባያቸውን አብሮ እንዳይረከብ ይምከሩት።

እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ከዚህም አልፌ እሄዳለሁ። መደብሩ ሄጄ ሥራ አስኪያጁን አነጋግረዋለሁ። "እናንተ ኮምፕሬሰር የላችሁም፣ እኔ አለኝ። የጥገና ዕቃችሁን በየሳምንቱ መጥቼ እወስዳለሁ። መማር የሚፈልግ ሲመጣ ወደ እኔ ላኩት፣ እኔም ገመድ የሚፈልገውን ወደ እናንተ እልካለሁ።" አስኪያጁም ተቀጣሪ ነው፤ ደንበኛው "ይኼን የት ነው የማስሞላው?" ብሎ ሲጠይቀው መልስ ማግኘት ያስደስተዋል። በዚያ ላይ እዚያ የሚገባው ባለጀልባ ሁሉ የጀልባውን ሆድ የሚያጸዳለትና ፕሮፔለር ላይ የተጠመጠመ ገመድ የሚቆርጥለት ጠላቂ ይፈልጋል። ይህ ገበያ ወንድምዎ አጠገብ ቁጭ ብሎ እየጠበቀው ነው።

እሺ፣ ወደ 180 ሺው እንምጣ። ከጥያቄው ጋር በላኩልኝ ወረቀት ላይ ባለቤቱ 90 ሺህ ለዕቃው፣ 45 ሺህ ለኮምፕሬሰሩና ለኪራይ ዕቃው፣ 45 ሺህ ለስሙና ለደንበኛው ብለው ከፋፍለውታል።

ዘጠና ሺው ነው ያሳቀኝ። የስኩባ ዕቃ ወይን አይደለም፣ እያደር አይጣፍጥም። ላስቲኩ ይደርቃል። የጠላቂ ኮምፒውተር ሁለት ሞዴል ካለፈበት ማንም በሙሉ ዋጋ አይነካውም። ሳጥን ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ ሬጉሌተር ራሱ ከመሸጡ በፊት መፈታት ሊኖርበት ይችላል። የመጥለቂያ ልብሶቹን ደግሞ ሄዶ ቁጥራቸውን ይመልከት። መካከለኛዎቹ አልቀው በጣም ትንንሾቹና በጣም ትልልቆቹ ብቻ ተሰቅለው ያገኛቸዋል ብዬ እወራረዳለሁ። መደብሩ አጠገቡ ባለበት ዘመን የሱቁ በጣም ደካማ ክፍል መደርደሪያው ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ ግማሹን ገንዘብ የጠየቁት ለመደርደሪያው ነው። ያለፉትን ሁለት ዓመታት የሽያጭ ደብተር ይዞ፣ የተሸጠውን ዓይነት ብቻ በተገዛበት ዋጋ ይውሰድ። የቀረውን ባለቤቱ በቅናሽ አጣርተው ይሽጡት።

ሲሊንደሮቹን አንድ በአንድ ትከሻቸው ላይ ያንብብ። ወርና ዓመት በብረቱ ላይ ተመትቶ ይገኛል። በአሜሪካ የውሃ ግፊት ፍተሻ በየ5 ዓመቱ ግዴታ ነው፤ ውስጡን በዓይን ማየት ደግሞ በሙያው ልማድ በየዓመቱ ነው። በተለይ የቆዩ አሉሚኒየሞች ላይ ይጠንቀቅ። ሉክስፈር የሚባለው ሲሊንደር አምራች አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. እስከ 1988 አጋማሽ ድረስ 6351 ከሚባል ቅይጥ ይሠራ ነበር፤ ያ ቅይጥ አንገቱ ላይ ቀስ በቀስ የመሰንጠቅ ችግር ታይቶበታል። ብዙ ሱቆች እነዚያን ዛሬ አይሞሉም። ስለዚህ ለኪራይ ዕቃ ተብሎ የተቆጠረው ሁሉ ዕቃ ላይሆን ይችላል፤ ከመካከሉ በቁርጥራጭ አሉሚኒየም ዋጋ ብቻ የሚሄድ ሊኖር ይችላል።

ኮምፕሬሰሩ ላይ አይሰስት። የሱቁ ልብ እሱ ነው። የሰዓት ቆጣሪው ስንት ይላል? ማጣሪያው መቼ መቼ ተቀይሯል? የአየር ምርመራ ወረቀቶቹ ተከታትለው አሉ ወይ? አየር የሚስብበት ቱቦ የት ነው የወጣው? ደብተሩ ከሌለ፣ ማሽኑ አዲስ ቢመስልም፣ ዋጋው የአሮጌ ማሽን ዋጋ ነው።

ለስሙ የተጠየቀው 45 ሺህ በሁለት ወረቀቶች ይወሰናል። አንዱ የአምራቾቹ ውክልና ነው። ውክልና ሱቅ ሲሸጥ በራሱ አብሮ አይተላለፍም፤ አምራቹ ለአዲሱ ባለቤት በጽሑፍ እሺ ማለት አለበት። በዚያውም አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ያው አምራች ለመደብሩም ሰጥቷል ወይ? ሁለተኛው የቤት ኪራይ ውሉ ነው። ስንት ዓመት ቀረው፣ ሲታደስ ስንት ይገባል? ባሕር ዳርቻ ላይ ትንንሽ ሱቆችን ከመደብር ይልቅ አከራይ ነው የሚያጠፋቸው። ሁለቱ ወረቀቶች ካልተያዙ ስሙ የሚያወጣው የሰሌዳውን ቀለም ዋጋ ነው።

የወቅቱንም ነገር ይያዙልኝ። ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ሰው እየጠለቀ የሚይዘው ሎብስተር የሚባል የባሕር እንስሳ አለ፤ የእሱ "ትንሹ ወቅት" የሚባሉ ሁለት ቀናት አሉ፤ የጁላይ ወር የመጨረሻዎቹ ተከታታይ ረቡዕና ሐሙስ፣ በእነሱ አቆጣጠር። ዋናው ወቅት ኦገስት 6 ይከፈትና ማርች 31 ይዘጋል። በትንሹ ወቅት ዋዜማ ሱቆቹ ደጅ ሲሊንደር ተሰልፎ ይታያል። የከባዱ አውሎ ነፋስ ወቅት ደግሞ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። በጣም የሚሸጥበት ጊዜና በጣም የሚዘጋበት ጊዜ ይደራረባሉ ማለት ነው። ጅማ ተወልዶ የቡና ገንዘብ የሚፈስበትንና የሚደርቅበትን ወር ያላወቀ የለም፤ ያንኑ ዓይን ይዘው የሱቁን ደብተር ይዩት። በሞቃቱ ወር የተሰበሰበ አንድ ወር ሒሳብ አሳይተው "ይኸው ገቢው" ካሉ አይቀበሉ። የሦስት ዓመት የግብር ማስታወቂያ ይምጣ። ሰው ለሻይ ወሬ ገቢውን ያበዛል፣ ለመንግሥት ግን አያበዛም።

ያን ወረቀት ሲያገኙ የዕቃ ሽያጩን ሙሉ በሙሉ በእጅዎ ሸፍነው ያንብቡት። አየር፣ ክላስ፣ ጥገና፣ ኪራይ ዕቃና ጉዞ ብቻ ይደመሩ። ይህ ድምር የቤት ኪራዩን፣ መድኑንና የወንድምዎን ደመወዝ ከቻለ ሱቁ በመደብሩ ፊት ይቆማል። ካልቻለ በሌላው ሁሉ ቢያምርም አይግዛ።

እንግዲህ ቤቱ። ወንድምዎ አሜሪካ ውስጥ ንግድ ለመግዛት አሜሪካ ውስጥ የሚጠይቃቸው ሰዎች አሉት። መጀመሪያ ባለቤቱ ራሳቸው። ጡረታ የሚወጣ ባለሱቅ በየወሩ ከሱቁ ገቢ እየተከፈለው መሸጥ የተለመደ ነው። ትንሽ ቅድሚያ ይከፍላል፣ ቀሪው በዓመታት ይጠናቀቃል። "አይሆንም፣ ሙሉውን በጥሬው" ካሉ ለምን እንደሆነ ይጠይቃቸው። ሱቁ ራሱን ከፍሎ መጨረስ እንደማይችል ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ቀጥሎ ባንክ አለ። የአሜሪካ መንግሥት የአነስተኛ ንግድ አስተዳደር የሚባለው መሥሪያ ቤት ዋስትና የሚሰጥበት ብድርም አለ፤ ወንድምዎ ብቁ መሆን አለመሆኑን ባንኩ ከዜግነትና ከመኖሪያ ወረቀቱ፣ ከሱቁም መዝገብ ያየዋል። ይህን ንግድ በየቀኑ የሚያይ ባንክ ደብተሩን ገልጦ "አላበድርም" ካለ፣ ደብተሩን ያላዩ የፈረንጅ አራዳ ሦስት ተከራዮች ለምን ያበድራሉ?

ብሩን ማውጣቱም እንደሚወራው አይደለም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የዶላሩ ዋጋ በገበያ ይወሰን ተባለ እንጂ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖር ሰው ገንዘቡን አውጥቶ ውጭ አገር ሱቅ ይግዛ አልተባለም። የእርስዎ ድርሻ ለብቻው፣ ውጭ የሚኖረው የወንድምዎ ድርሻ ለብቻው በባንክዎ የውጭ ምንዛሪ ክፍል ይጠየቅ። ከዚያ ውጭ በጓሮ "በሰው በኩል" ይላካል የሚልዎትን አይስሙ። ገንዘቡ መንገድ ላይ ቢቀር የሚከሱት ሰው አይኖርም፤ ተከሳሽ ሊሆኑ የሚችሉት እርስዎ ነዎት። ደግሞም አገራችን ውስጥ መሬቱ የግል አይደለም፤ የሚሸጡት ቤቱንና የይዞታ መብቱን ነው። መሐል ከተማ እንዲህ ያለ ይዞታ አንዴ ከእጅ ከወጣ ተመልሶ አይገኝም።

መርዳት ከፈለጉ፣ ደግሞም ይፈልጋሉ፣ የእሱን የኪራይ ድርሻ እስካሁን በምን እንደሚያውሉት አላውቅም፣ ግን እዚህ በስሙ ይጠራቀምለት። ከገዛ በኋላ ክፉ ወር ቢገጥመው ቤተሰብ መወጣጫ አለው። ሸሪክነቱን ግን ይተዉት። አየሩ የተበላሸ አንድ ሲሊንደር የሚያመጣው ክስ ምን ያህል እንደሆነ ወንድምዎ ያውቃል፤ እርስዎ እዚያ ወረቀት ላይ ስምዎ የሚገባበት ምክንያት የለም።

ለወንድምዎ ይህን ሁሉ ሲነግሩት ይቀየም ይሆናል። "አላመነችኝም" ይላል። እንዳይል አንድ ነገር ያቅርቡለት፦ ባለቤቱን ለምኖ የሚቀጥለውን የሎብስተር ወቅት በሥራ አስኪያጅነት ይምራው፣ ደብተሩን ራሱ ይያዝ፣ የክላሱን ዋጋ ወደሚያተርፍበት ከፍ አድርጎ ይሞክረው። ተማሪው ከቀነሰ በስንት እንደቀነሰ ያየዋል። መደብሩም በዚያ ጊዜ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ይታያል። ባለቤቱ ይህን ያህል ዘመን ከቆዩ አንድ ወቅት ይጠብቃሉ።

እስከዚያው ሦስት ነገር ይላክልኝ፦ የክላሱ ወጪ ዝርዝር፣ የኪራይ ውሉ የመጨረሻ ገጽ፣ የኮምፕሬሰሩ ሰዓት ቆጣሪ ፎቶ። ፎቶውን ሲያነሣ የማጣሪያ መቀየሪያ ደብተሩንም ከጎኑ ገልጦ ያስቀምጠው፤ የመጨረሻው ቀን እንዲነበብ።